ልማድ፣ ግዴታና በጎ ጠባይ፦ የአርስቶትል ትምህርት ከሐረር አፎቻ አንጻር

ቁልፍ ቃላት፦ አርስቶትል፣ የጠባይ በጎነት፣ ልማድ፣ ግዴታ፣ አፎቻ

አርስቶትል (384–322 ቅ.ል.ክ.) በ«ኒቆማኪያ ሥነ ምግባር» ሁለተኛ መጽሐፍ የአእምሮ በጎነት በአብዛኛው በትምህርት፣ የጠባይ በጎነት ግን በልማድ እንደሚገኝ ያስረዳል። ሰው ቤት በመሥራት ግንበኛ፣ ክራር በመምታት ክራር መቺ እንደሚሆን ሁሉ የፍትሕን ሥራ በመሥራት ፍትሐዊ ይሆናል። ይህ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ በጎው ሥራ በማኅበር ደንብ የታዘዘ ከሆነ ሠሪው በጎ ሰው ሊባል ይችላልን?

ጥያቄውን ከሐኪም ጋራ ቁልቁል በሚታየው የሐረር ጁገል መመርመር ይቻላል። የሐረሪ ሕዝብ አፎቻ ወንዶችና ሴቶች በየፊናቸው የሚያቋቁሙት፣ አባላቱን በሐዘንና በሠርግ የሚያሰባስብ የመረዳጃ ማኅበር ነው። አባሉ ሐዘንተኛውን ቢቀርበውም ባይቀርበውም ለቅሶ የመድረስ ግዴታ አለበት። ስለሆነም ተግባሩ ደግነት ሳይሆን ሥርዓትን መፈጸም ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል።

አርስቶትል ተቃውሞውን በከፊል ይቀበላል። በእርሱ ዘንድ በጎ ሰው ሥራውን የሚሠራው እያወቀ፣ ለሥራው ለራሱ ሲል መርጦና ከጸና ጠባይ ተነሥቶ ነው። ወቀሳን ፈርቶ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንግዲህ የደግን ሥራ ሠራ እንጂ ደግ ሰው እንደሚሠራው አልሠራም።

ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት የግዴታን ዋጋ አያፈርስም። ያው ፈላስፋ በዐሥረኛው መጽሐፍ መጨረሻ የወጣቶች አስተዳደግ በሕግ ሊደገፍ እንደሚገባ ያሳስባል፤ የተለመደ ነገር አይከብድምና። ልምምድ ስሜትንም ይገራል። የሐዘን ቤትን ደጋግሞ የረገጠ ሰው የሌላውን ጉዳት ማስተዋል ይጀምራል፤ ለሥራው ለራሱ ሲል መምረጥም የሚቻለው ይህ ማስተዋል ሲኖር ነው። ጠባዩ መጽናቱን የሚያሳየው ምልክት ቀድሞ በግድ ያደረገውን በፈቃዱ፣ ያለ ቅሬታ ማድረጉ ነው።

ደንብ ግን ወሰን አለው። መገኘትን ይቈጥራል እንጂ ምክንያትን አይመዝንም፤ ከሐዘንተኛ ፊት መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባም አይወስንም። ይህ የአስተዋይነት ድርሻ ነው።

ስለዚህ ግዴታ የበጎ ጠባይ መነሻ እንጂ መለኪያ አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ለዕድሮቻችንም ይሠራል፤ አንድ ማኅበር መገኘትን በመዋጮ ብቻ ቢተካ የሐዘንተኛው ወጪ ይሸፈን ይሆናል፤ የአባላቱ ጠባይ የሚቀረጽበት ልምምድ ግን ይቋረጣል።