ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለጥናት ስለ መጠቀም

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ከጭሮ፣ ከሂርናና ከበዴሳ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ስለ አሰበ ተፈሪ ከተማ ታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። ጊዜ ስላጠረን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አንዱን ጠየቅን፤ እርሱም ሳያመነታ ባማረ አማርኛ ሁለት ገጽ ጻፈልን። ጭሮንና አሰበ ተፈሪን ሁለት ከተማ አድርጎ በመካከላቸው መንገድ ዘርግቶላቸው ስላገኘነው ከልብ ሳቅን። ሌላው ስሕተት ግን ሊያልፈን ነበር። የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፉ ይላል። «አርአያ»ን የደረሱት ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት መሆናቸውን ልናስረክብ ስንል አንዲት እኅታችን አስታወሰችን። የአባትየው ድርሰት «ፋቡላ» የተባለው የአውሬዎች ቴአትር ነው፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው።

እንዲህ ያለ ስሕተት ከምን ይመጣል? መሣሪያው ቀድሞ ከተማረው ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ፣ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ይጽፋል። ስለ ጨርጨር የተጻፈው ጥቂት ስለሆነ ግምቱ ይበዛል፤ የአነጋገሩ ድፍረት ግን አይቀንስም። በፈረንጆች ዘንድ የመጨረሻው ስም የቤተ ሰብ ሲሆን በእኛ የአባት ነውና፣ አባትና ልጅ የተምታቱበት በዚህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን። (እኛም መገመት አላቃተንም።)

ስለዚህ መሣሪያ ስንመርጥ አስቀድመን የምናውቀውን እንጠይቀዋለን፤ ለምሳሌ ባቡሩ በጭሮ ያልፋል ወይስ በሚኤሶ? አንዱን ጥያቄ በአማርኛም በኦሮምኛም አቅርበን መልሶቹን ማስተያየትም ብዙ ጉድ ያወጣል። የመጽሐፍ ስም ሲጠቅስልን ቤተ መጻሕፍት ሄደን መጽሐፉን በዓይናችን ሳናይ አንጽፈውም።

ጥቅሙን ግን አንክድም። የከበደንን የእንግሊዝኛ ገጽ ያብራራልናል፤ በራሳችን ማስታወሻ ይፈትነናል፤ ከሁሉ ይልቅ «ይህን ሐሳባችንን ተቃወም» ስንለው ያተጋናል። ከሽማግሌዎች በድምፅ የቀዳነውን ቃል ግን ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ አናስገባለትም፤ ያጫወቱን እኛን አምነው ነውና።

ጽሑፋችንን ስናስረክብ መሣሪያውን የት የት እንደተጠቀምንበት የሚገልጽ አንድ ገጽ ጨመርንበት። መምህራችን ከሁሉ አስቀድመው ያነበቡት ያንን ገጽ ነው።