የቆዩ የሬዲዮ ቫልቮችን መመርመርና መልሶ መሸጥ፦ የሳንጃን ዓይነት የቆላ ከተማ ታሳቢ ያደረገ የአሠራር ጥናት

ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሳንጃም ሆነ ወደ ሱዳን ድንበር በሚገኙት የመተማ አካባቢ ከተሞች አንድ አንጋፋ የሬዲዮ ጠጋኝ ሲያርፍ ወይም ሱቁን ሲዘጋ፣ ለወራሾቹ ከሚቀሩት ዕቃዎች ዋጋቸው ለመገመት የሚያስቸግረው ቫልቮቹ ናቸው። ወራሹ ሦስት አማራጭ አለው። ለቆራሌው በኪሎ ይሰጣቸዋል፤ ካርቶኑን እንዳለ ላየው ነጋዴ በርካሽ ይለቃል፤ ወይም «ይሠራሉ» ብሎ ሳይመረምር ይሸጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚጎዳው ሻጩ ሲሆን በሦስተኛው ገዢው ነው። ይህ ጽሑፍ አራተኛ መንገድ መኖሩን፣ ማለትም ውድ መሣሪያ ሳይገዛ፣ መብራት በማያስተማምንበት ቦታ፣ ገዢ ሊቀበለው የሚችል ምርመራ ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል።

ቫልቭ አየር የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። በውስጡ ያለው ካቶድ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ግሪድ የተባለው ወንፊት መሰል ክፍል ፍሰቱን ይቆጣጠራል፤ አኖድ ይቀበላል። ካቶዱ በአገልግሎት ብዛት ኤሌክትሮን የመልቀቅ አቅሙ ይዳከማል። እንግዲህ «ቫልቩ ደህና ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በዋናነት «ካቶዱ ምን ያህል ቀርቶታል?» ማለት ነው። ማሞቂያው መቅላቱ ለዚህ መልስ አይሆንም። የሞተ ካቶድም በሚገባ ይቀላል።

በአገራችን ቫልቭ የገባበት በር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ የጀመረው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያም ሆነ በ1963 በአዲስ አበባ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎችን ይዞ የተነሣው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ የቫልቭ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ከአድማጩ በኩል የፊሊፕስ፣ የግሩንዲግና የቴሌፉንከን ሬዲዮዎች፣ ከመድረኩ በኩል ደግሞ የድምፅ ማጉያዎች ነበሩ። ዛሬ ማንኛውንም ትልቅ ድምፅ ማጉያ «ሞንታርቦ» የምንልበት ስም የመጣው ከጣሊያኑ አምራች ሲሆን፣ ከቀደምት ሥሪቶቹ መካከል በቫልቭ የሚሠሩ ነበሩ።

የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቆላ ግን ሊጠበቅ የሚገባው ሌላ ዓይነት ነው፦ በድንጋይ ለሚሠሩ ሬዲዮዎች የተዘጋጁት ዲ.ኬ 96፣ ዲ.ኤፍ 96፣ ዲ.ኤ.ኤፍ 96 እና ዲ.ኤል 96። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ክራቸው በ1.4 ቮልት 25 ሚሊአምፔር ብቻ ይወስዳል። ይህ ስስነት ለመርማሪው ወጥመድ ነው። ባለ ቀስት አሮጌ ቴስተር በዝቅተኛው የኦም መለኪያ ላይ ሲሆን በክሩ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ኤሌክትሪክ ሊልክ ስለሚችል፣ ክሩ መቆረጥ አለመቆረጡን ሲያይ ራሱ ሊቆርጠው ይችላል። ዲጂታል መልቲሜትር የሚልከው መጠን አነስተኛ በመሆኑ ለዚህ ሥራ እሱ ብቻ ይመረጣል።

የመብራት መዋዠቅ በምርመራ ላይ ያለው ጫና

እንደ እንግሊዙ አቮ እና እንደ አሜሪካው ሂኮክ ያሉ የቫልቭ መመርመሪያዎች ከመስመር መብራት የሚሠሩ ናቸው። መስመሩ 220 ቮልት መሆኑ ቀርቶ 187 ቮልት ቢሆን፣ ማለትም በ15 በመቶ ቢወርድ፣ 6.3 ቮልት መሆን የሚገባው ማሞቂያ ወደ 5.36 ቮልት ይወርዳል። አምራቾች ባብዛኛው የሚፈቅዱት የ10 በመቶ ልዩነት በመሆኑ ይህ ከገደቡ ውጭ ነው። የአኖድና የግሪድ ቮልቴጅም አብሮ ይወርዳል። የትራዮድ ፍሰት ከቮልቴጁ የአንድ ተኩል ኃይል ጋር ስለሚመጣጠን፣ 0.85 በአንድ ተኩል ኃይል 0.78 ይሆናል። ስለዚህ ፍጹም ጤናማ ቫልቭ እንኳ 22 በመቶ ጎድሎ ይነበባል። ከዐዲሱ አቅም 85 በመቶ የቀረለት መልካም ቫልቭ ደግሞ ወደ 67 በመቶ ይወርዳል፤ መስፈርቱን 70 በመቶ ላይ ያደረገ መርማሪም ይጥለዋል። ስሕተቱ ግምት ሳይሆን ሒሳብ ነው፤ ማታ ማታ መብራት ሲደክም የሚመረምር ሰው ደህናውን ከደካማው ጋር ይቀላቅላል።

መፍትሔው ቆላው ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ እሱም የሶላር ባትሪ ነው። በሚገባ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ይሰጣል። ይህ በትክክል ኢ.ሲ.ሲ 83 (በአሜሪካ አጠራር 12 ኤ.ኤክስ 7) ማሞቂያው በ4ኛውና በ5ኛው እግር ሲገናኝ የሚፈልገው ነው። ለአኖዱ አሥራ አንድ ባለ 9 ቮልት ድንጋዮችን በተከታታይ ማያያዝ ወደ 100 ቮልት ያደርሳል። ዐዲስ ድንጋይ ከተጻፈበት ጥቂት ስለሚበልጥ ድምሩን መለካት ግድ ነው። ይህ ቮልቴጅ ሰውን ሊጎዳ የሚችል በመሆኑ ሽቦ የሚነካው ድንጋዮቹ ከተላቀቁ በኋላ ነው።

የኢ.ሲ.ሲ 83 የአምራች ሠንጠረዥ በ100 ቮልት አኖድና ከዜሮ በታች 1 ቮልት በሆነ ግሪድ 0.5 ሚሊአምፔር እንዲፈስ፣ የማስተላለፍ አቅሙም በቮልት 1.25 ሚሊአምፔር እንዲሆን ያስቀምጣል። አፈጻጸሙ ቀላል ነው። ከአንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይና ከተለዋዋጭ ሬዚስተር የግሪዱን ቮልቴጅ ከ0.9 ወደ 1.1 (ሁለቱም ከዜሮ በታች) መለወጥ፤ የአኖዱን ፍሰት ልዩነት ማንበብ። ጤናማ ቫልቭ ወደ 0.25 ሚሊአምፔር የሚጠጋ ልዩነት ያሳያል። ቫልቩ ሁለት ትራዮድ ስላለው ሁለቱም ለየብቻ ይለካሉ፤ አንደኛው ብቻ የደከመ ቫልቭ ማግኘት የተለመደ ነው። ቀጥሎ በግሪዱ መንገድ ላይ የ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ሲገባ የአኖዱ ፍሰት በግልጽ ከጨመረ፣ በብልቃጡ ውስጥ ጋዝ አለ ማለት ነው። የክፍሎች መነካካትና መፍሰስም የሚታየው ቫልቩ እንደጋለ ነው፤ በቀዝቃዛው ሲለካ ብዙ ጉድለት ይደበቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዓይን አለ። በብልቃጡ ጫፍ ወይም ጎን ያለው መስታወት መሰል ብርማ ቅብ ባሪየም ነው። እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ አየር ገብቷልና ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የቆላው ሙቀት ለታሸገ ቫልቭ እምብዛም አያስፈራም፤ የክረምቱ እርጥበት ግን እግሮቹን ያዝጋል፤ ጽሑፉንም ያስለቅቃል።

የባትሪው ዘዴ ወሰን አለው። እንደ ኢ.ኤል 84 ያሉ የኃይል ቫልቮች መደበኛ ሥራቸው በ250 ቮልት ነው፤ በ100 ቮልት ተለክቶ «ደህና ነው» ማለት ተገቢ አይሆንም። እነዚህን በሚሠራ ማጉያ ላይ ሰክቶ በ135 ኦም የካቶድ ሬዚስተር ላይ 7.3 ቮልት አካባቢ መኖሩን ማየት ይቻላል። ማጉያ ከሌለ «ያልተመረመረ» ብሎ በዚያው ዋጋ መሸጥ ይሻላል።

ገበያው

የዓለም ገበያ ጠባብ ነው። የሚፈለጉት በጊታርና በሙዚቃ ማጉያዎች ውስጥ የሚገቡት ኢ.ሲ.ሲ 83፣ ኢ.ኤል 84 እና ኢ.ኤል 34 ናቸው። ዛሬ እነዚህን በብዛት የሚያመርቱት በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ያሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያው አቅርቦት ሲታወክ ዋጋ ንሯል። በሌላ በኩል ኢ.ሲ.ኤች 81 ወይም ኢ.ኤ.ቢ.ሲ 80 በየሬዲዮው ውስጥ የነበሩ ናቸውና ፈላጊያቸው አሮጌ ሬዲዮ የሚያድስ ሰው ብቻ ነው። ወራሹ ካርቶን ሙሉ ስላለው ካርቶን ሙሉ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም።

በሻጭ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈርደው «ዐዲስ» የሚለው ቃል ነው። ጠጋኞች ዐዲሱን ቫልቭ ከገጠሙ በኋላ የወጣውን አሮጌ በዐዲሱ ማሸጊያ መልሰው የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው፤ ልማዱም የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ስለሆነም ማሸጊያው ማስረጃ አይሆንም። ላዩ ላይ የታተመው የድርጅት ስምም ተጠርጎ ሊታተም የሚችል ነው። የሚታመነው ከመስታወቱ ጋር የተሠራው ነው፦ በቴሌፉንከን ኢ.ሲ.ሲ 83 ሥር በእግሮቹ መካከል ያለው የአልማዝ ቅርጽ፣ በፊሊፕስና በሙላርድ ቫልቮች ሥር ግድም የተፋቀው ደብዛዛ ኮድ። ኮዱ ፋብሪካውንና የተመረተበትን ጊዜ ስለሚናገር ቫልቩ በአልኮል መታጠብ የለበትም፤ ጽሑፉን የሚያጠፋ ጽዳት ዋጋውንም ያጠፋል።

ለእያንዳንዱ ቫልቭ የሚጻፈው ወረቀት ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የተለካበትን ሁኔታ፣ ማለትም የማሞቂያውን፣ የአኖዱንና የግሪዱን ቮልቴጅ መያዝ አለበት። «90 በመቶ» የሚል ጽሑፍ የምን 90 በመቶ እንደሆነ ካልተነገረ ገዢውን አይጠቅምም። ሙሉ ሬዲዮ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ደግሞ ዕቃው ታሪካዊ ፋይዳ ካለው ስለ ቅርስ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 209/1992 አስቀድሞ መመልከት ይኖርበታል።

የወደቁት ቫልቮች እንደ ተራ መስታወት ሊታዩ አይገባም። ከማሠራጫና ከትልልቅ ማጉያዎች የመጡ እንደ 866 ያሉ ኤሌክትሪክ አቅኚዎች ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ፤ ብልቃጡ ቀስ ተብሎ ሲዘነበል የብር ጠብታ ሲንከባለል ይታያል። እነዚህ ለቆራሌ አይሰጡም፣ በልጆች እጅም አይገቡም፤ ሳይሰበሩ በክዳን በሚዘጋ ዕቃ ተለይተው ይቀመጣሉ።