ቅርፊት፣ ጥርስና የዘር ሐረግ፦ የሾጣጣ የባሕር ቀንድ አውጣዎች አመዳደብ

መግቢያ

ሥርዓተ ምደባ ከሥነ ሕይወት የትምህርት ዘርፎች ሁሉ አንጋፋው ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ተማሪዎች ለፈተና ተሸምድዶ ከፈተና በኋላ እንደሚረሳ የስም ዝርዝር ይቆጥሩታል። በዚህ ጽሑፍ ምደባ ስለ ሕያዋን ዝምድና የሚቀርብ፣ በማስረጃ የሚፈተንና ሲሳሳት የሚታረም መላ ምት መሆኑን በአንድ ምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን። ምሳሌያችን በሳይንሳዊ ስማቸው ኮኒዴ የሚባሉት፣ ቅርፊታቸው እንደ ሾጣጣ የተጠቀለለ የባሕር ቀንድ አውጣዎች አስተኔ ነው። አስተኔ ስንል ከወገን በላይና ከክፍለ መደብ በታች ያለውን፣ በተለምዶ “ቤተሰብ” የሚባለውን የምደባ ደረጃ ማለታችን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን አስተኔ የመረጥነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ አባላቱ ሁሉ መርዛማ አዳኞች በመሆናቸው የምደባቸው ጉዳይ ከሕክምናና ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ እንስሳትን የመረመሩ ጠበብት አንዱ በ1 ወገን፣ ሌላው ከ100 በሚበልጡ ወገኖች ሊከፍሏቸው በመቻላቸው ወገን ማለት በእርግጥ ምን ማለት እንደሆነ እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ሾጣጣዎቹ እነማን ናቸው?

እነዚህ እንስሳት ከሞለስኮች ክፍለ ስፍን፣ ከጋስትሮፖዶች መደብ የሚቆጠሩ ናቸው። እስካሁን ወደ 1,000 የሚጠጉ ሕያው ዝርያዎች የታወቁ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚኖሩት በሞቃታማ ባሕሮች ውስጥ ነው። በቅርባችን በሚገኙት በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የኮራል ዐለቶችና አሸዋማ ወለሎች ላይም ይገኛሉ።

የቅርፊቱ አሠራር እንዲህ ነው። የእንስሳው ገላ ሽፋን የሆነው ሥጋዊ መጎናጸፊያ በቅርፊቱ አፍ ዙሪያ የካልሲየም ካርቦኔት ንጣፍ ያክላል። እድገቱ በአንድ ምናባዊ ምሰሶ ዙሪያ ስለሚዞር ጥምዝ ይፈጠራል። አዲሱ ዙር የቀድሞውን ከሞላ ጎደል ሸፍኖት ስለሚያልፍ በውጭ የሚታየው አንድ ሾጣጣ ብቻ ይሆናል፤ የቀደሙት ዙሮች በሰፊው ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ጉልላት ብቅ ብለው ይታያሉ። እንስሳው ሲያድግ በውስጥ ያሉትን የአሮጌ ዙሮች ግድግዳ እያሟሟ ያሳሳቸዋል፤ በዚህም ለገላው ተጨማሪ ቦታ ያገኛል።

የጥምዙ አቅጣጫ እንኳ የዘር ውርስ ነው። ቅርፊቱን ጉልላቱ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ እኛ ሆኖ ብናቆመው፣ በሕያዋኑ ዝርያዎች አፉ በቀኝ በኩል ይገኛል። ሠዓሊው ሬምብራንት በ1650 የአንዱን ዝርያ፣ የኮኑስ ማርሞሬዩስን ቅርፊት በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ አትሞ ነበር። ኅትመት ምስልን እንደ መስተዋት እንደሚገለብጥ ይታወቃል። ሠዓሊው ፊርማውን ቀድሞ ገልብጦ ሲጽፍ ቅርፊቱን ግን እንዳለ ስለቀረጸው፣ በወረቀቱ ላይ የወጣው ወደ ግራ የዞረ ቅርፊት ሆነ። ለሥዕል ወዳጅ ይህ ከቁም ነገር ላይቆጠር ይችላል፤ ለመዳቢ ግን የእንስሳውን ማንነት የሚያናጋ ስሕተት ነው።

ቅርፊት እንደ ማስረጃ

ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ባሳተመው የዝነኛ መጽሐፉ 10ኛ እትም፣ ሾጣጣዎቹን ኮኑስ በተባለ አንድ ወገን ሰበሰባቸው። የአስተኔው ስም ኮኒዴ የተሰጠው ደግሞ በ1822 ነው። በዚያ ዘመን ወደ አውሮፓ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች ዘንድ ይደርስ የነበረው በአብዛኛው ባዶ ቅርፊት በመሆኑ ምደባውም በቅርፊት ላይ ቢመሠረት አያስደንቅም። የትከሻው ስፋት፣ የጉልላቱ ቁመት፣ የአፉ ቅርጽ፣ የቀለሙና የነጠብጣቡ ሥርዓት የመለያ ምልክቶች ሆኑ።

ቅርፊት ጠቃሚ ማስረጃ መሆኑ አይካድም። ከጉልላቱ ጫፍ ላይ የሚቀረው የእጭነት ዘመን ቅርፊት ለምሳሌ ስለ እንስሳው አስተዳደግ ይናገራል። ብዙ ዙሮች ያሉት ከሆነ እጩ በባሕር ውኃ ውስጥ እየተንሳፈፈና እየተመገበ ረጅም ጊዜ እንደቆየ እንገምታለን። ዙሮቹ ጥቂትና ወፈር ያሉ ከሆኑ ግን እጩ ከተፈለፈለበት ብዙ ሳይርቅ እንደቀረ እንረዳለን።

ሆኖም ቅርፊት ሊያሳስትም ይችላል። የአንድ ዝርያ አባላት በቀለም እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በአንጻሩ የሩቅ ዘመዳሞች የሆኑ ዝርያዎች በተመሳሳይ አካባቢ በመኖራቸው ብቻ ተመሳሳይ ቅርፊት ሊያበጁ ይችላሉ። መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም። ስለዚህ ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ መግባት አስፈለገ።

ጥርስ የሚናገረው

አብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎች ራዱላ የሚባል፣ በጥቃቅን ጥርሶች የተሞላ ጥብጣብ መሰል ምላስ አላቸው፤ ምግባቸውንም በእርሱ እየፋቁ ይበላሉ። በሾጣጣዎቹ ዘንድ ግን ጥርሶቹ ከጥብጣቡ ተለያይተው እያንዳንዳቸው እንደ መርፌ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቀስት ሆነዋል። እንስሳው አንዱን ጥርስ ወደ ተለጣጩ አፉ ጫፍ አምጥቶ በአዳኑ ላይ ይተክለዋል፤ መርዙም በክፍተቱ ውስጥ ያልፋል። አንድ ጥርስ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ተተኪዎቹ በከረጢት ውስጥ ተዘጋጅተው ይጠባበቃሉ።

አብዛኞቹ ዝርያዎች የባሕር ትሎችን ያድናሉ፤ ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን የሚያድኑና ዓሣ የሚያጠምዱም አሉ። የጥርሱ ርዝመት፣ ወደ ኋላ የዞሩ እሾሆቹና ስለቱ ከሚታደነው እንስሳ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ጥርስ ሁለተኛ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ይሁንና እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። ተመሳሳይ ምግብ ተመሳሳይ መሣሪያን ሊያስከትል ስለሚችል፣ የጥርስ መመሳሰልም እንደ ቅርፊቱ ሁሉ የጋራ የትውልድ ሐረግን ብቻውን አያረጋግጥም።

1፣ 4 ወይስ 115?

ለረጅም ዘመን ሾጣጣዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል በኮኑስ ወገን ሥር ቆዩ። በ2009 ጆን ተከርና ማኑዌል ቴኖሪዮ ቅርፊትንና ጥርስን መሠረት በማድረግ ሕያዋንንም ቅሪተ አካላትንም የሚያካትት አዲስ ምደባ አቀረቡ። በዚህ የቅርፊትና የጥርስ ምደባ መሠረት ሾጣጣዎቹ በ5 አስተኔዎችና በ115 ወገኖች ይከፈላሉ።

ቀጥሎ የመጣው የዲኤንኤ ማስረጃ ነው። ኒኮላ ፑይያንድርና ባልደረቦቹ የ329 ዝርያዎችን ዲኤንኤ አነጻጽረው ያቀረቡት ምደባ በ2015 ታተመ። በውጤቱም ሾጣጣዎቹ በግልጽ የሚለያዩ አራት ዋና ዋና የዘር ሐረጎች እንዳሏቸው ታየ። ስለዚህ አንድ አስተኔና አራት ወገኖች እንዲኖሩ ሐሳብ አቀረቡ። እነርሱም ከታወቁት ዝርያዎች 85 በመቶ ያህሉን የያዘው ኮኑስ፣ ኮናስፕሬላ፣ በጥልቅ ባሕር የሚኖረው ፕሮፈንዲኮኑስና በካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚኖር አንድ ዝርያ ብቻ ያለው ካሊፎርኒኮኑስ ናቸው። ኮኑስ 57፣ ኮናስፕሬላ 11 ንዑሳን ወገኖች ተመደቡላቸው። ከዚያ በኋላም ምርመራው አልቆመም፤ በ2017 በዲኤንኤና በጥርስ ማስረጃ ፒግሜኮኑስ የተባለ ወገን ተጨምሯል፤ ሌሎችም ተከትለዋል።

የለውጡን ትርጉም ለመረዳት አንድ ዝርያ እንመልከት። ሊኒየስ ኮኑስ ጂኦግራፉስ ያለው እንስሳ፣ በብዙ ወገኖች ምደባ ጋስትሪዲየም ጂኦግራፉስ ተባለ፤ በ2015ቱ ምደባ ደግሞ ጋስትሪዲየም ንዑስ ወገን ሆኖ እንስሳው ኮኑስ ወደሚለው ስሙ ተመለሰ። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባል። “ይህ ዝርያ የቅርብ ዘመዱ ማን ነው?” የሚለው የተፈጥሮ ጥያቄ ነው፤ መልሱ በማስረጃ ይረጋገጣል ወይም ይወድቃል። “ይህን የዘመዳሞች ስብስብ ወገን እንበለው ወይስ ንዑስ ወገን?” የሚለው ግን የስምምነት ጥያቄ ነው። በአንድ ግንድ ላይ ቅርንጫፎቹ ያሉት በተፈጥሮ ነው፤ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ የትኛውን ምልክት እንደምናስር የምንወስነው እኛ ነን። ሁለቱን ያላቀላቀለ ተማሪ የስም ለውጥ በሰማ ቁጥር “ሳይንቲስቶች አይስማሙም” ብሎ ተስፋ አይቆርጥም።

ከዚህ ምደባ የምንማረው ሌላም ቁም ነገር አለ። ደራሲዎቹ 803 ዝርያዎችን ሲመድቡ የሁሉንም ዲኤንኤ አላገኙም ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዝርያ ምደባ በዲኤንኤ፣ በጥርስ ወይስ በቅርፊት ብቻ የተደገፈ መሆኑን በመግለጽ የእርግጠኝነቱን ደረጃ አብረው አስቀመጡ። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ የሚናገር ምደባ ለሚያርመው ሰው መንገዱን አስቀድሞ ይጠርጋል።

ስሙ ለምን ይጠቅማል?

ጥሩ ምደባ ያልታየውን ለመገመት ያስችላል። ኮኑስ ጂኦግራፉስ አፉን እንደ መረብ ዘርግቶ ዓሣዎችን ይውጣል። በ2015 በመርዙ ውስጥ የዓሣን ኢንሱሊን የሚመስል፣ የዓሣውን የደም ስኳር በማውረድ የሚያደክም ንጥረ ነገር መኖሩ ተገለጸ። ይኸው ዓይነት ኢንሱሊን በኮኑስ ቱሊፓ መርዝ ውስጥም ተገኘ፤ ይህም በዘር ሐረጉ የቅርብ ዘመዱ፣ በአደን ስልቱም አምሳያው የሆነ ዝርያ ነው።

ከመርዝ መድኃኒትም ተገኝቷል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ቤተ ሙከራ፣ ማይክል ማክኢንቶሽ ገና ተማሪ ሳለ ከኮኑስ ማጉስ መርዝ 25 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ፔፕታይድ ለየ። የእርሱ ሰው ሠራሽ ቅጂ ዚኮኖታይድ በሚል ስም በአሜሪካ በ2004 ለጽኑ ሕመም ማስታገሻነት ተፈቀደ። መድኃኒቱ የሚሰጠው በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን፣ የሕመምን መልእክት የሚያስተላልፉ የካልሲየም በሮችን በመዝጋት ይሠራል፤ ከሞርፊን ዘር አይደለም። የአንዱ ዝርያ መርዝ ከሌላው ስለሚለይ፣ ዝርያው በስሕተት የተሰየመ ናሙና ተመራማሪን ለዓመታት ሊያንከራትት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በሌላ በኩል ኮኑስ ጂኦግራፉስ ሰውን የሚገድል ነው፤ በቀይ ባሕርም ይገኛል። ለመርዙ ማርከሻ የለውም። የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ስለሚያሰንፍ፣ የተነደፈ ሰው ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ሊደርስና ትንፋሹ ሊደገፍ ይገባል። ስለዚህ ወደ ጅቡቲም ሆነ ወደ ሌላ የቀይ ባሕር ጠረፍ የሚጓዝ አንባቢ ሕያው ሾጣጣ ቅርፊት በእጁ እንዳያነሳ አደራ እንላለን።

ምደባ የጥበቃም መሠረት ነው። በ2013 በታተመ ጥናት 632 ዝርያዎች የመጥፋት አደጋቸው ተገምግሞ፣ በተለይ በምሥራቅ አትላንቲክ በሚገኙት የኬፕ ቨርድ ደሴቶች ሥጋቱ የበረታ መሆኑ ታወቀ። በዚያ የብዙ ዝርያዎች እጭ ርቆ ስለማይጓዝ፣ አንዳንዱ ዝርያ በአንድ ደሴት ወይም በአንድ የባሕር ወሽመጥ ብቻ ይኖራል። ሁለት ዝርያዎች እንደ አንድ ከተቆጠሩ የአንደኛው መጥፋት ሳይታይ ይቀራል፤ የቀለም ልዩነት ሁሉ ዝርያ ከተባለ ደግሞ የጥበቃ ጉልበት በከንቱ ይበተናል።

በመጨረሻም ቅርፊት ዘመኑ አልፎበታል ማለት አይደለም። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከኖሩት ዝርያዎች የቀረን ቅርፊቱ ብቻ ነው፤ ዲኤንኤ የለም፤ ጥርስም ከስንት አንድ ነው። በ2015 በወጣ ጥናት ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተገኙ ቅሪተ ቅርፊቶች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታዩ የጠፋ የሚመስለው ሥርዓተ ቀለማቸው ፈክቶ ታየ፤ 28 ዝርያዎችም ተለዩ፤ 13ቱ ለሳይንስ አዲስ ነበሩ። በአገራችንም የደናክል ረባዳ ምድር በጥንት ዘመን በቀይ ባሕር ውኃ መሸፈኑን የሚመሰክሩ የኮራል ቅሪቶች አሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ የባሕር ቅሪተ አካል የሚሰበስብ ተማሪ መነሻው የሊኒየስ መነሻ፣ ማለትም ቅርፊት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው ቅርፊት፣ ጥርስና ዲኤንኤ እርስ በርስ የሚተራረሙ ሦስት ምስክሮች ናቸው። የወገኖቹ ቁጥር ነገ ሊለወጥ ይችላል። የማይለወጠው ግን ስሙ የዘር ዝምድናን መከተል አለበት የሚለው መርሕ ነው። ዚኮኖታይድ ሕመሙን ያስታገሰለት ሰው ኮኑስ ማጉስ የሚለውን ስም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ መድኃኒቱ የተገኘው ግን ያ እንስሳ ከዘመዶቹ በትክክል ተለይቶ በመታወቁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሁለት ዝርያዎች በቅርፊት ተመሳስለው በዲኤንኤ ቢለያዩ፣ መመሳሰላቸውን እንዴት ታብራራላችሁ?

2. አንድን ንዑስ ወገን ወደ ወገን ደረጃ ከፍ ማድረግ ስለ እንስሳቱ ዝምድና ያለንን ዕውቀት ይለውጣልን? ለምን?