ኮምፒውተር የሚያነበው የዘር መዝገብ፤ ከእብናት ገበሬ አፍ

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ፣ ለኅትመት ያበቁት ደግሞ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ሦስቱም የቤተ ክህነት ሊቃውንት እንጂ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አልነበሩም። እውቀት ለመሰብሰብ የግድ የምርምር ተቋም ደጅ መጥናት የለብንም የምለው ይህን ይዤ ነው። ዛሬ የተጨመረው፣ መዝገቡን ከሰው ሌላ ኮምፒውተርም እንዲያነበው ማድረግ ነው፤ ለመጀመር አንድ ስልክ ይበቃል።

በአማራ ክልል ያለችውን እብናትን ምሳሌ ላድርጋት። ስሟን በውጭ ቋንቋ የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚገጥመው በ1977 ዓ.ም. የነበረው የረኃብተኞች መጠለያ ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬው የትኛውን ዘር እንዳተረፈ፣ የትኛው እንደጠፋበት የሚያውቀው ግን ገበሬው ራሱ ነው። ስለዚህ ከዘር ይጀምሩ። «የእብናት ባህልና ታሪክ» ብለው ከተነሡ አያልቅልዎትም። ወረዳዋ ከቆላ እስከ ደጋ ትዘልቃለችና ሁሉን ልያዝ ማለትም ያደክማል። አንድ ቀበሌ፣ አንድ እህል።

ቀጥሎ ሠንጠረዥ ያስምሩ፤ ለጊዜው በደብተርም ይሁን። ዓምዶቹ ለመነሻ ስምንት ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ የዘሩ ስም፣ እህሉ፣ ቀበሌው፣ የሚዘራበት ወር፣ የተባለው ነገር፣ ተናጋሪው፣ የተጻፈበት ቀን። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «እብ-007፤ ሰነፍ ቆሎ፤ ገብስ፤ የቀበሌው ስም፤ 10፤ ለቆሎ ይመረጣል፤ ወንድ፣ 60 ዓመት ገደማ፤ የተጻፈበት ቀን»። «የተባለው ነገር» በሚለው ሳጥን አንድ ነገር ብቻ ይግባ። «ለቆሎ ይመረጣል፣ ቶሎ ይደርሳል» ማለት ከፈለጉ ሁለት መስመር ነው። መለያ ቁጥሩ የዘሩ ስለሆነ በሁለቱም ላይ ያው ይጻፋል፤ ዘሩ ከመዝገቡ ቢወጣ እንኳ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ፊደል ላይ ነው። «ኅዳር»፣ «ህዳር»፣ «ሕዳር» ለእኛ አንድ ወር፣ ለኮምፒውተር ሦስት ቃል ነው። ስለዚህ ወርን በቁጥር ይጻፉ፤ መስከረም 1፣ ሰኔ 10፣ ጳጉሜን 13። ለዘሩ ስም አንድ አጻጻፍ ይምረጡና ሰዉ የሚጽፈውን ሌላውን በ«ሌላ አጻጻፍ» ዓምድ ያኑሩት እንጂ አይሰርዙት። ዓመት ሲጽፉም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በራሱ ዓምድ ይለዩ፤ «2017» ብቻ ካሉ ፈረንጁ በሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

አሁን ወደ ሰው። «የገብስ ዝርያዎችን ይዘርዝሩልኝ» ካሉ፣ ሰውዬው የማዳበሪያ ወይም የእርዳታ ምዝገባ የመጣ ይመስለዋል፤ መልሱም እንደዚያው ይሆናል። ጎታው አጠገብ ተቀምጠው፣ ፍሬውን በእፍኝ ይዘው፣ «አያ፣ ይቺ እናንተ ዘንድ ማን ትባላለች?» ይበሉ። ባለቤታቸውን መጠየቅም አይርሱ፤ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለበሶ እንደሚሆን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩስ? አንዱ «ይህ ዘር ከበለሳ መጣ» ሲል ሌላው «የአባቶቻችን ነው» ሊል ይችላል። ዳኛ አይሁኑ። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህሮቻችን ለዚህ መላ አላቸው፤ አንዱን ፍቺ ይነግሩና «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፣ የመጀመሪያውን ሳያፈርሱ። የእርስዎም ሠንጠረዥ ሁለት መስመር ይኑረው፤ ሁለቱም በተናጋሪያቸው። የዚህ ሥራ ዋና ሕግ ይኸው ይመስለኛል፦ አጻጻፉ አንድ ይሁን፣ ቃሉ ግን እንደየአፉ ይቅር። ለማስማማት ብሎ የተናገሩትን ማረም መዝገቡን ያበላሸዋል።

ደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ በተመን ሉህ ይጻፉና «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚለው ዓይነት ያስቀምጡ። በዝርዝሩ ውስጥ ተራ «ሲኤስቪ» የሚልም አለ፤ እሱን ከመረጡ ፊደሉ ሊበላሽ ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች «ሀ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ ላይ ደብቀው ነበር የሚያስቀምጡት። እኔ ራሴ የድሮ ጽሑፌን ከፍላሽ ላይ ስከፍት የምልክት ዝርግፍ ገጥሞኝ እንደገና ተይቤዋለሁ። ሦስት ቅጂ ይያዙ፤ አንዱን ደብረ ታቦር ወይም ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ያኑሩ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ኢንተርኔት በአማራ ክልል ሲቋረጥ ያየ ሰው ፋይሉን ኦንላይን ብቻ አያስቀምጥም።

ለሕዝብ ከመልቀቅዎ በፊት ተናጋሪዎቹን ያስፈቅዱ፤ ስማቸውንም አይጻፉ። ቃላትንና የቦታ ስሞችን ዊኪዳታ ለተባለው ነፃ የኢንተርኔት መረጃ ቋት መስጠት ይቻላል፤ እዚያ የገባን ማንም ያለ ፈቃድ ይጠቀምበታል፣ መልሱልኝ ማለት ግን አይቻልም። ይህን በግልጽ ይንገሯቸው። «ዘራችንን ሊወስዱብን ነው» የሚል ቢኖር ስጋቱ መሠረት አለው፤ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ቀን ያለበት ይፋ መዝገብ እንዲህ ባለ ክርክር ላይ ማስረጃ ይሆናል፤ ስለዚህ የቀኑን ዓምድ ባዶ አይተዉት።

ሃያ መስመር ሲሞላ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ያሳዩት። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀበትን ዓምድ ያስተካክሉ። ደግሞ ከሰኔ በፊት ይጀምሩ፤ ሰኔ ከገባ ገበሬው ለወሬ ጊዜ የለውም።