ክራፍትቨርክ፦ ድምፁና መልኩ አንድ የሆነ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ

ለመሆኑ ሰው በእጁ ሳይመታው፣ በትንፋሹ ሳይነፋው የሚወጣ ድምፅ ሙዚቃ ሊባል ይችላል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ሰው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲሰማ «ይኸማ የወፍጮ ቤት ጩኸት ነው» ብሎ ይገላገለዋል። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት አንድ ቡድን ይዘን ጠጋ ብለን ብንመለከተው ይሻላል በማለት የጀርመኑን ክራፍትቨርክ መርጠናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክራፍትቨርክ በጀርመንኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ማለት ነው። ቡድኑን በ1970 በዱስልዶርፍ ከተማ የመሠረቱት ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር ናቸው። ዱስልዶርፍ የከሰል ማዕድንና የብረት ፋብሪካዎች ይበዙበት ከነበረው ከሩር አጠገብ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች ስሙ የተፈለገው ከሩቅ አይመስልም። ሽናይደር ፍሉት ነፊ ነበር፤ ሁተር ኦርጋን ተጫዋች። ሁለቱም የተወለዱት ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የአባቶቻቸውን ባህል ናዚዎች አርክሰውታል፤ ወጣቱ የሚሰማው የሮክ ሙዚቃ ደግሞ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ታዲያ ምን ይጫወቱ? የሰጡት መልስ በአካባቢያችን ያለውን እንጫወት የሚል ነበር፤ ይኸውም መንገዱን፣ ባቡሩን፣ ፋብሪካውንና ሬዲዮኑን። በ1974 ያወጡት «አውቶባን» ስለ አውራ ጎዳና የተሠራ ሲሆን ከ22 ደቂቃ በላይ የሚፈጅና የሸክላውን አንድ ገጽ በሙሉ የያዘ ነው። በጀርመንኛ ተዘፍኖም አሜሪካ ድረስ ተሰማ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። ሲንተሳይዘር ድምፅ የሚያወጣው እንደ ክራር በአውታር ወይም እንደ ዋሽንት በትንፋሽ አይደለም። በውስጡ ያለው ክፍል የኤሌክትሪክ ሞገድ ያመነጫል፤ ሞገዱ በሰከንድ 440 ጊዜ ሲመላለስ «ላ» የሚባለው ኖታ ይገኛል። ቀጥሎ ማጣሪያው ከሞገዱ ውስጥ የማይፈለገውን ይቀንሳል። ሌላው ክፍል ደግሞ ድምፁ ባንዴ ይፈንዳ ወይስ ቀስ ብሎ ይምጣ፣ ቶሎ ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚለውን ይወስናል። ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል። ልብ በሉ እንግዲህ፤ ማሽኑ ከነዚህ አንዱንም ራሱ አልመረጠም። መራጩ የሰው ጆሮ ነው።

የቡድኑ አባል የነበረው ቮልፍጋንግ ፍሉር ይመታው የነበረው ከበሮ ደግሞ ቆዳ የለውም። በሰሌዳ ላይ የተደረደሩ የብረት ገበታዎች ናቸው፤ በብረት ዘንግ ሲነኩ የኤሌክትሪኩ መስመር ይገጥምና ድምፁ ይወጣል። ይኸ ተገዝቶ የመጣ ሳይሆን እቤታቸው ገጣጥመው የሠሩት ነው። ከቆርቆሮና ከሽቦ የትምህርት መርጃ መሣሪያ መሥራት ለምንማር ለኛ መቼም እንግዳ ነገር አይሆንብንም!

ይሁን እንጂ ክራፍትቨርክን ከሌሎች የሚለየው ድምፁ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የሮክ ተጫዋች ማለት ጠጉሩን አስረዝሞ፣ ላቡን እያንጠፈጠፈ፣ ጊታሩን እያገላበጠ የሚዘል ሰው ነበር። እነዚህ ግን ጠጉራቸውን ባጭሩ ተቆርጠው፣ ክራቫት አስረው፣ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ራሳቸውንም የሙዚቃ ሠራተኞች ብለው ይጠሩ ነበር። መድረኩ ለነሱ የሥራ ቦታ ነው፤ ስለዚህ አለባበሳቸው ጌጥ ሳይሆን የሙዚቃው አካል ነው።

በ1978 የወጣውን «ሰው ማሽን» የተሰኘ ሸክላ ሽፋን እንመልከት። አራቱ ሰዎች ቀይ ሸሚዝና ጥቁር ክራቫት አድርገው፣ ከንፈራቸውን ቀይ ተቀብተው፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን እያዩ ተሰልፈዋል። ፊደሎቹ በሰያፍ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጀርመኖች አንድ ዓይነት ለብሰው ተሰልፈው ሲታዩ የሂትለር ዘመን ትዝ የሚለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ንድፉ ከየት እንደመጣ ስናውቅ ነገሩ ይገለበጣል። ሽፋኑን የነደፈው ካርል ክሌፊሽ ሲሆን መነሻ ያደረገው የሩሲያውን ሠዓሊ የኤል ሊሲትስኪን ሥራ ነው። ሊሲትስኪ አይሁዳዊ ነበር። በጀርመን አገር በሃኖቨር ሙዚየም ያዘጋጀውን የሥዕል ክፍል ናዚዎች በ1937 አፍርሰውታል። እንግዲህ እነዚህ ወጣቶች የተዋሱት ካፍራሹ ሳይሆን ከፈረሰበት ነው ማለት ነው።

ለኛ ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቀን ሌላው ነገር ነው። ሊሲትስኪ መምህር ነበር፤ በ1919 በቪቴብስክ የሥዕል ትምህርት ቤት አስተምሯል። ለሽፋኑ የጀርባ ሥዕል መነሻ የሆነው መጽሐፍም በ1922 ለሕፃናት ያሳተመው የአንድ ቀይና የአንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ታሪክ ነው። መጽሐፉ ልጆቹን ከማንበብ ይልቅ ወረቀትና እንጨት አንስተው እንዲሠሩ ይጋብዛል። የልጆች መጽሐፍ ከ56 ዓመት በኋላ የሮክ ሸክላ ላይ ወጣ!

የማሽን ፍቅራቸው ጭፍን ነበር እንዳንል የሚያደርገን «ራዲዮ አክቲቪቲ» ነው። በ1975 ሲወጣ ስሙ የሬዲዮን ሥራና የኒውክሊየርን ጨረር አጣምሮ የሚጫወት ነበር፤ ሽፋኑም ላይ ያለው አሮጌ ሬዲዮን ነው። እንደኛ አስተያየት በዚያን ጊዜ አቋማቸው ግልጽ አልነበረም። የቼርኖቢል አደጋ በ1986 ከደረሰ በኋላ ግን በ1991 ዘፈኑን እንደገና ሲያወጡት የቼርኖቢልንና የሂሮሺማን ስም ጨምረው ጨረሩ እንዲቆም የሚጠይቅ አደረጉት። በ2012 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማን ጨምረው በጃፓንኛ ዘፈኑት።

ታዲያ «ይኸ ሙዚቃ ቀዝቃዛ ነው፣ ነፍስ የለውም» ለሚለው ነቀፌታ ምን እንመልስ? በ1977 የባቡር ጎማ ምት ይዘው «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ»ን አወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ በኒውዮርክ ብሮንክስ አፍሪካ ባምባታ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የዚህን ዜማ ወስዶ፣ «ቁጥሮች» ከተባለው ሌላ ሥራቸው ካገኘው ምት ጋር አዋሕዶ፣ በ1982 «ፕላኔት ሮክ»ን ሠራ። የሰፈሩ ወጣት ጨፈረበት። የዲትሮይቶቹ የቴክኖ ሙዚቃ ጀማሪዎችም ከክራፍትቨርክ ብዙ ተምረዋል። ነፍስ የሌለው ነገር ያን ያህል ሰው ማስጨፈሩን እንጃ!

ሽናይደር በ2020 ዐረፈ። ቡድኑ በ2021 በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ውስጥ ገብቷል፤ ጊታር ከጣሉ ከስንት ዘመን በኋላ መሆኑ ነው።

ለክፍል ሥራ የሚሆን አንድ ልምምድ እናቅርብ። የባቡሩን ሙዚቃ ሽፋኑን ሳታሳዩ ለተማሪዎቻችሁ አሰሟቸው፤ የሰሙትን በመስመርና በቅርጽ ብቻ እንዲሥሉ አድርጉ። ሙዚቃው ካልተገኘ ሁለት ልጆች በጣሳና በእንጨት የባቡር ምት ይምቱላቸው። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሽፋኑን አሳይታችሁ አወያዩአቸው። የወጡትን ሥዕሎች ለዝግጅት ክፍሉ ብታደርሱልን ከዚሁ ጽሑፍ ጎን እንለጥፋቸዋለን።