ሕክምናን ለመማር ለሚያመነታ ጀማሪ ተማሪ

የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ አዲስ ከረገጡት ልጆቻችን መካከል፣ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት እየተከታተሉ፣ የትምህርት ክፍል መምረጫው ቀን በቀረበ ቁጥር ልባቸው በሁለት ሐሳብ የሚከፈል ብዙዎች ናቸውና፣ ሕክምናን ይማሩ ወይም ይተዉ ዘንድ መወሰን የእኔ ድርሻ ባይሆንም፣ የሚወስኑበትን ሥርዓት በየተራው ማሳየት ግን ግዴታዬ መስሎ ታይቶኛል።

አስቀድማችሁ ምኞቱ ከማን እንደ መጣ መርምሩ። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ምክንያታችሁን ሁሉ ሳትሰስቱ ጻፉ፤ ከዚያም ወላጅ ስለሚደሰት፣ ጎረቤት «ዶክተር» ብሎ ስለሚጠራ፣ ወይም የማትሪክ ውጤታችሁ ከፍ በማለቱ ሌላ ትምህርት መማር እንደ ብክነት ስለ ተቈጠረ የተጻፈውን ሰርዙ። አንድ መስመር ብቻ ቢተርፍ ይበቃል፤ ምንም ካልተረፈ ግን ምኞቱ የሌላ ሰው ነውና ለባለቤቱ መልሱለት።

ቀጥሎ ዘመኑን ቍጠሩ። ትምህርቱ 6 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ የመጨረሻው ዓመት በሆስፒታል የሚፈጸም የኢንተርንነት አገልግሎት ሲሆን፣ ስፔሻሊስት መሆን ለሚሻ ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት ይጨመርበታል። የቤተሰብ ችግር እጃችሁን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ይህን ቍጥር ይዛችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር አሁኑኑ ተመካከሩ።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉ ይበልጣል። የግእዝ መጻሕፍት ሐኪሙን «ዐቃቤ ሥራይ» ይሉታል፤ ዐቃቤ ጠባቂ ማለት ነው፤ በእኔም አስተያየት የሙያው ጠባይ ከዚህ ስም በተሻለ አልተገለጸም፤ የሐኪም ሕይወት አብዛኛው በመዳንና በሞት መካከል ካለ ሰው አጠገብ ነቅቶ መጠበቅ ነውና። ስለዚህ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሆስፒታል ሲተኛ፣ ለአንድ ሌሊት አስታማሚ ሆናችሁ እደሩ። ሽታውን፣ ቍስሉን፣ የሕመምተኛውን ቍጣ፣ በእኩለ ሌሊት ተጠርቶ የሚመጣውን የተረኛ ሐኪም ድካም በዓይናችሁ እዩ። መደንገጥ ነውር አይደለም፤ የዛሬው ሊቅ ሐኪም ሁሉ በመጀመሪያ ደንግጧል። ራሳችሁን የምትጠይቁት፣ ከድንጋጤው በኋላ ወደ አልጋው ቀረባችሁ ወይስ ራቃችሁ ብላችሁ ነው። በነጋም ጊዜ «ሰውየው እንዴት ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ሳይለቃችሁ ቢውል፣ ይህን ከፈተና ውጤት አስበልጣችሁ ያዙት።

የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ትምህርትም ይመርመር፤ ነገር ግን ውጤቱን ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ገጽ በቃል እየያዛችሁ፣ የረሳችሁትንም እየደገማችሁ ለወራት መዝለቅ መቻላችሁን ተመልከቱ።

በመጨረሻም ሌሎቹን በሮች ቍጠሩ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አስቀድሞ ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን እንጂ ሐኪሞችን አልነበረም፤ ለገጠሩ ሕዝብ ግን የእነዚያ ሰዎች ሥራ ታላቅ በረከት ሆኗል። አዋላጅነት፣ ፋርማሲ፣ አንስቴዥያና ላቦራቶሪ በራሳቸው የከበሩ ሙያዎች ስለ ሆኑ የተሸናፊ መጠጊያ አድርጋችሁ አትዩአቸው። በ2004 ዓ.ም. በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብርም፣ በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ከቈዩ በኋላ ሐኪም የሆኑ ወገኖች ስላሉ፣ ዛሬ ቈርጦ መወሰን ያቃተው ሰው ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም።

ቅጹ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ምርጫ በጻፋችሁበት ጥንቃቄ ሁለተኛውንም ጻፉ፤ ምናልባት የምትኖሩበት እርሱ ይሆናልና።