የጉሩ ካ ባግ ማገዶ

ወጣቱ፦ አባባ፣ ሲኮች ከገዛ ቤተ መቅደሳቸው አለቆች ጋር ምን አጣላቸው?

አዛውንቱ፦ መሬት ነዋ፣ ልጄ። ሲኮች በተሳደዱበት ዘመን ብዙዎቹን ቤተ መቅደሶች፣ ጉርድዋራዎቹን፣ የጠበቁት ማሃንት የሚባሉ አለቆች ነበሩ። በፈረንጆቹ 1849 እንግሊዞች ፑንጃብን ሲይዙ የጉርድዋራው መሬት በብዙ ቦታ በማሃንቱ ስም ተመዘገበ። የመስኖ ቦይ ሲመጣ ደግሞ ዋጋው ናረ። የምእመናን አደራ የአንድ ሰው ርስት ሆነ።

ወጣቱ፦ ሕዝቡ ዝም አለ?

አዛውንቱ፦ በ1873 አምሪትሳር ላይ የተቋቋመው ሲንግ ሳባ የተባለ የሲኮች ማኅበር በትምህርትና በኅትመት አነቃው። ነገሩ የፈነዳው ግን በኦክቶበር 1920 ነው። በዘራቸው የተናቁ አዲስ አማኞች የሚቀደስ ምግብ ይዘው ወርቃማው ቤተ መቅደስ ቢደርሱ ካህናቱ አንቀበልም አሉ። ክርክሩ ሲበረታ ቅዱሱ መጽሐፍ ተገለጠ፤ የወጣው ንባብ ለተናቁት ፈረደ። በቀጣዩ ወር ጉርድዋራዎችን የሚያስተዳድር ኮሚቴ ተመሠረተ፤ አካሊ የተባሉ ፈቃደኞችም ተሰለፉ።

ወጣቱ፦ ማሃንቶቹስ ለቀቁ?

አዛውንቱ፦ አንዳንዶቹ። የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ ናናክ በተወለደበት በናንካና ሳሂብ ግን፣ በፌብሩዋሪ 1921፣ የማሃንት ናራይን ዳስ ቅጥረኞች ከመቶ በላይ አካሊዎችን ፈጁ።

ወጣቱ፦ ታዲያ ሰይፍ አልመዘዙም?

አዛውንቱ፦ አልመዘዙም! በ1922 ጉሩ ካ ባግ በተባለው ጉርድዋራ የሆነውን ስማ። ማሃንቱ ቤተ መቅደሱን አስረክቦ መሬቱ ግን የእኔ ነው አለ። አካሊዎች ጉርድዋራው ለሁሉም በነፃ ለሚያቀርበው ማዕድ ማገዶ የሚሆን ግራር ቢቆርጡ ሌባ ተብለው ታሰሩ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ቡድን በሲኮች የሥልጣን መንበር በአካል ታክት ፊት እጁን ላያነሣ እየማለ ይሄዳል፤ ፖሊስ በዱላ ይቀጠቅጠዋል፤ በማግስቱ ሌላው ይተካል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ የተዋጉ ወታደሮችም ነበሩባቸው፤ መምታት ጠፍቷቸው አልነበረም። ሚሲዮናዊው ቻርልስ አንድሩስ በዓይኑ አይቶ ከክርስቶስ ሕማማት ጋር አነጻጽሮ ጻፈው። የታሰሩት ከ5,000 በላይ ሆኑ።

ወጣቱ፦ ማብቂያው ምን ሆነ?

አዛውንቱ፦ ጋንጋ ራም የተባለ ጡረተኛ መሐንዲስ መሬቱን ተከራይቶ እንጨቱን ፈቀደላቸው። በ1925 ደግሞ ሕግ ወጣ፤ ጉርድዋራዎቹ ለተመረጠ ኮሚቴ ተሰጡ፤ ሴቶችም የመምረጥ መብት አገኙ።

ወጣቱ፦ ምርጫ ካለ ፓርቲ መግባቱ ይቀራል?

አዛውንቱ፦ ገባ እንጂ። ከአካሊዎቹ የወጣው ፓርቲ፣ አካሊ ዳል፣ ኮሚቴውን ለአሥርት ዓመታት ተቆጣጥሮታል፤ ወቀሳውም ብዙ ነው። እኔ ግን ከማሃንቱ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ማሃንቱን በድምፅ ማውረድ አይቻልም ነበርና። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የኮሚቴው ዘመን አምስት ዓመት ሆኖ ሳለ፣ ከ2011 ምርጫ በኋላ ቀጣዩ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይካሄድ መቆየቱ።